ቂሮስ፦ እግዚአብሔርን ሳያውቅ የተቀባ ንጉሥ

የአይሁድ መጽሐፍ ቅዱስ በማን ንግግር እንደሚያልቅ ብትጠየቁ ምን ትመልሳላችሁ? ብዙ ሰው ሙሴን ወይም ከነቢያት አንዱን ይገምታል። በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ዜና መዋዕል መሃል አካባቢ ነው ያለው፤ በተለመደው የአይሁድ አደራደር ግን የመጨረሻው መጽሐፍ እሱ ነው። የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች ደግሞ የፋርስ ንጉሥ የቂሮስ አዋጅ ናቸው። በኢየሩሳሌም ስለሚሠራው ቤት ከተናገረ በኋላ «ከሕዝቡ ሁሉ በመካከላችሁ ያለ ማናቸውም ሰው አምላኩ ከእርሱ ጋር ይሁን፤ እርሱም ይውጣ» ይላል፤ መጽሐፉም እዚያው ላይ ይዘጋል። ይህን ያህል ዘመን ከእግዚአብሔር ጋር የተጓዘ ሕዝብ የመጨረሻውን ቃል ለባዕድ ንጉሥ ሰጠ።

ኢሳይያስ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ምዕራፍ 45 ሲጀምር እግዚአብሔር ቂሮስን «የቀባሁት» ይለዋል። በዕብራይስጡ ቃሉ መሲሕ ነው። ሳኦል፣ ዳዊትና ሊቀ ካህናቱ የሚጠሩበት ስም ማለት ነው። በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከእስራኤል ውጭ ሆኖ ይህን ማዕረግ ያገኘ ንጉሥ ቂሮስ ብቻ ነው። ጥቂት ቁጥሮች ወረድ ስትሉ ግን «ባታውቀኝም» የሚል ቃል ታገኛላችሁ። ያውም ሁለት ጊዜ። የተቀባው ሰው የቀባውን አያውቀውም። ይህ እንዴት ይሆናል? ለመልሱ ትንሽ ታሪክ ያስፈልገናል። (ከዚህ በታች የማነሳቸው የጥንት ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው፤ አቆጣጠሩም የአውሮፓ ነው።)

ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን በ587 ወይም በ586 አፈረሷት። ከዚያ በፊት በ597 ንጉሡን ዮአኪንን ከመኳንንቱና ከእጅ ባለሙያዎቹ ጋር ወስደዋቸው ነበር። የናቡከደነፆር ፖሊሲ ቀላል ነው፦ ያመፀ አገር ራሱን፣ እጁንና አምላኩን ይነጠቃል። ራሱ ንጉሡና መኳንንቱ ናቸው፤ እጁ ደግሞ ባለሙያው። አምላኩ ሲባል የቤተ መቅደሱ ጣዖት ተነቅሎ ወደ ባቢሎን ይሄዳል። የተሸነፈ ሕዝብ አምላኩም የተሸነፈ ይመስለዋል። አይሁድ ጣዖት ስለሌላቸው በእነሱ ቤት የተነቀለው የወርቅና የብር ዕቃው ነው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቂሮስ ሲነሣ የአንሻን ንጉሥ ነበር። አንሻን በዛሬዋ ኢራን ደቡብ ምዕራብ ያለች፣ ማንም ብዙ ግምት የማይሰጣት አገር ናት። በ550 የሜዶኑን ንጉሥ አስታይጌስን ገለበጠ። የባቢሎን ዜና መዋዕል (የመጽሐፍ ቅዱሱ ሳይሆን የባቢሎናውያን የራሳቸው የታሪክ መዝገብ) እንደሚለው የአስታይጌስ ጦር ራሱ በጌታው ላይ አምፆ አሳልፎ ሰጠው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በዛሬዋ ቱርክ ምዕራብ የነበረችውን፣ በወርቋ ስሟ የገነነውን ሊድያን ያዘ። ንጉሧ ዛሬም የሀብት ምሳሌ የሚሆነው ክሮይሰስ ነው። ከዚያ በኋላ የቀረችው ትልቋ ባቢሎን ናት።

ባቢሎን ደግሞ ውስጧ ተቦርቡሯል። ንጉሡ ናቦኒዱስ የጨረቃ አምላክ የሲን ወዳጅ ነበር። የከተማዋ ዋና አምላክ ማርዱክ ነው፤ ካህናቱም ኃይለኞች ናቸው። ናቦኒዱስ ዐሥር ዓመት ያህል በዐረብ ምድር ቴማ በምትባል ከተማ ተቀመጠ። ዙፋኑን ለልጁ ለብልጣሶር ትቶ ነው የሄደው። በዳንኤል መጽሐፍ ውስጥ ግድግዳ ላይ ጽሕፈት ያየው ብልጣሶር ይሄ ነው። ዳንኤል «በመንግሥቱ ሦስተኛ ገዥ ትሆናለህ» የተባለውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ አንደኛው አባትየው፣ ሁለተኛው ልጁ ነበሩና። ንጉሡ ከተማው ውስጥ ስለሌለ ዓመታዊው የአዲስ ዓመት በዓል ሳይከበር ይቀራል። በባቢሎን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በዓሉ ከሌለ የንጉሡና የማርዱክ ውል አይታደስም። ናቦኒዱስ ጭራሽ ጦርነቱ ሲቃረብ የሌሎች ከተሞችን ጣዖታት ሰብስቦ ባቢሎን አስገባ። የየከተማው ሰው አምላኩን ተቀማ።

በ539 ቂሮስ መጣ። በጤግሮስ ወንዝ ዳር በኦፒስ ጦርነት ሆነ። እዚህ ላይ ቂሮስን መልአክ ለሚያደርጉት ሰዎች አንድ ነገር ላስታውስ፦ የባቢሎኑ ዜና መዋዕል ከኦፒስ ጦርነት ቀጥሎ የሚጽፈው ምርኮና እልቂትን ነው። ዋና ከተማዋ ግን በጥቅምት ወር ያለ ውጊያ ተያዘች። መጀመሪያ የገባው የጉቲዎች ገዥ ኡግባሩ ከቂሮስ ጦር ጋር ነው። ቂሮስ ራሱ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ ገባ። መንገዱ ላይ ቅርንጫፍ ተነጠፈለት፤ ሰላምም ታወጀ።

አሁን ወደ አንድ የሸክላ ጽሑፍ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1879 በባቢሎን ፍርስራሽ ውስጥ በቁፋሮ አንድ በርሜል መሳይ ሸክላ ተገኘ። ርዝመቱ 22 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል፤ የቂሮስ ሲሊንደር ይሉታል። የተጻፈው በባቢሎናውያን ቋንቋ በአካድኛ ነው። እንዲህ ይላል ባጭሩ፦ ናቦኒዱስ አማልክቱን በደለ፤ ሕዝቡንም በቀንበር አደከመ። ማርዱክ ተቆጣ። ከዚያም ጻድቅ ንጉሥ ፍለጋ አገሩን ሁሉ ቃኘ። የአንሻኑን ቂሮስን በእጁ ያዘው፤ በስሙ ጠራው፤ እንደ ወዳጅ አብሮት ሄዶ ያለ ጦርነት ባቢሎን አስገባው።

ኢሳይያስ 45ን ከዚህ አጠገብ አስቀምጣችሁ አንብቡ። እጁን መያዝ፣ በስሙ መጥራት፣ በፊቱ መሄድ፣ ደጆችን መክፈት፤ ነገሩ አንድ ነው። ልዩነቱ ባለቤቱ ላይ ነው። ባቢሎን ውስጥ ያለው ካህን «ማርዱክ ላከው» ይላል። የአይሁዱ ነቢይ «የለም፣ የላከው የእኛ አምላክ ነው፤ ቂሮስ ግን አያውቅም» ይላል። ቂሮስ ራሱ ምን ያምን ነበር? የታሪክ ሰዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። ለባቢሎናውያን በማርዱክ ስም እንደተናገረ ግን ሸክላው በእጃችን ነው። ለአይሁድም በሰማይ አምላክ ስም እንደተናገረ ዕዝራ ይነግረናል። በየደረሰበት የአገሬውን አምላክ ስም ያነሣ ነበር ማለት ነው።

ሸክላው ቀጥሎ የሚናገረው ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነው። ቂሮስ ወደ ባቢሎን የተሰበሰቡትን ጣዖታት ወደየከተማቸው መለሰ፤ ሕዝቦቻቸውንም ሰብስቦ ወደየቦታቸው ሰደደ። የከተሞቹ ስም ተዘርዝሯል። ኢየሩሳሌም የለችም። ይሁዳም የለችም። የተጠቀሱት በመስጴጦምያና ከጤግሮስ ወዲያ ያሉ ናቸው። አንዳንድ ሰባኪዎች «የቂሮስ ሸክላ ስለ አይሁድ መመለስ ይናገራል» ይላሉ፤ አይናገርም። የሚያሳየው አሠራሩን ነው። ዕዝራ የሚተርከው ነገር ከዚያ አሠራር ጋር ይገጥማል። ይህ ደግሞ ትንሽ ማስረጃ አይደለም።

ከተመለሱት አማልክት ቂሮስ የሚጠብቀውንም ሸክላው አይደብቅም። በየቀኑ በማርዱክና በሌላው የባቢሎን አምላክ በናቡ ፊት ለእሱና ለልጁ ለካምቢሰስ ዕድሜ እንዲለምኑ ይፈልጋል። አሁን ዕዝራ 6 ቁጥር 10ን ክፈቱ። በኋላ የነገሠው ዳርዮስ ለኢየሩሳሌም ካህናት መሥዋዕት ከመንግሥት ወጪ ይሰጥ ብሎ ሲያዝ ምክንያቱን ይናገራል፦ ለንጉሡና ለልጆቹ ዕድሜ እንዲጸልዩ። ያው ቢሮ፣ ያው አነጋገር ነው። ቤተ መቅደስ ትሠራላችሁ፣ ትጸልዩልኛላችሁ። ከቤተ መንግሥቱ ዐይን ሲታይ ውለታ ሳይሆን ውል ነው።

ዕዝራ የቂሮስን ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል፤ ብዙ አንባቢ ይህን አያስተውልም። በምዕራፍ 1 ያለው በዕብራይስጥ የተጻፈ አዋጅ ነው። «የሰማይ አምላክ የምድርን መንግሥታት ሰጠኝ፤ ቤት እንድሠራለትም አዘዘኝ» የሚል ድምፀ ነጎድጓድ ነው። በምዕራፍ 6 ያለው ደግሞ በአራማይክ ነው። አራማይክ ያኔ የመንግሥት ቢሮ ቋንቋ ነው። እዚያ ላይ ስለ ራእይ ምንም የለም። ቁመቱ 60 ክንድ፣ ወርዱ 60 ክንድ፣ ሦስት ተራ ትልልቅ ድንጋይ፣ አንድ ተራ እንጨት፣ ወጪው ከንጉሡ ቤት፣ ዕቃው ይመለስ። አለቀ። የተገኘውም ባቢሎን ሳይሆን በሜዶን አገር በአሕምታ ነው፤ መዝገብ ተፈትሾ። እኔ ከሁለቱ ይበልጥ የሚጥመኝ ይሄ ደረቁ ነው። ሰው ፈጥሮ ቢጽፍ እንዲህ አሰልቺ አድርጎ አይጽፍም።

ዕቃው ላይ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ሌሎች ሕዝቦች ጣዖታቸው ሲመለስላቸው አይሁድ የሚመለስላቸው ጣዖት የላቸውም። ስለዚህ በምትኩ የቤተ መቅደሱ ዕቃ ተቆጥሮ ተመለሰ። የንጉሡ ግምጃ ቤት ሹም ቆጥሮ ለይሁዳው መስፍን ለሰሳብሳር አስረከበ። ጠቅላላው 5,400 ነው ይላል ዕዝራ። በዝርዝር የተጻፉትን ብትደምሩ ግን 2,499 ነው የሚመጣው። ከዝርዝሩ የጎደለ ነገር ይኖራል፤ ወይም ገልባጭ ተሳስቷል። በየትኛውም ንብረት ርክክብ ላይ ያለ ችግር እዚህም አለ።

ቂሮስ ይህን ለምን አደረገ? ደግነት ነው የሚሉ አሉ። ዛሬም ኢንተርኔት ላይ ሸክላው «የመጀመሪያው የሰብአዊ መብት ሰነድ» ተብሎ ይዞራል፤ ባርነትን እንዳስቀረ የሚገልጽ የሐሰት ትርጉም ጭምር። ይህ ስም የገነነው እ.ኤ.አ. በ1971 የኢራኑ ሻህ የፋርስን መንግሥት 2,500ኛ ዓመት ባከበሩበት ጊዜ ነው። የሸክላው ግልባጭም ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በስጦታ ተሰጠ። እውነቱን ለመናገር አዲስ የነገሠ ሰው የቀድሞውን ንጉሥ ረግሞ ቤተ መቅደስ ማደሱ በባቢሎን የቆየ ልማድ ነው። ሸክላው የሚከተለውም ያንን ልማድ ነው። ሌላ ጥቅምም አለ። ይሁዳ ወደ ግብፅ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ግብፅ ገና አልተያዘችም። በዚያ በኩል ታማኝ ሕዝብ መኖሩ ለፋርስ የሚጠላ ነገር አይደለም። ግብፅን በ525 የያዘው ልጁ ካምቢሰስ ነው።

የእኛ አገር ስም የሚነሣበት ቦታም እዚህ ጋ ነው። ኢሳይያስ 43 ቁጥር 3 «ግብፅን ለአንተ ቤዛ፣ ኢትዮጵያንና ሳባንም በአንተ ፋንታ ሰጠሁ» ይላል። ብዙ ተርጓሚዎች ከፋርስ ጋር ያያይዙታል፦ ንጉሡ እስራኤልን ሲለቅ በልዋጩ የደቡቡ አገር ይሰጠዋል እንደ ማለት። በዚያ ቦታ ኢትዮጵያ የተባለችው ከግብፅ በታች ያለችው ኩሽ ናት። ቁጥሩን ለዛሬው ካርታ የሚዘረጉትን ሰዎች ለዚህ ነው በጥርጣሬ የማያቸው።

እንግዲህ ነቢዩ ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር? የሚያውቅ ይመስለኛል። «ባታውቀኝም» ማለቱ ለዚህ ነው። ቂሮስ አማኝ ሆነ አላለም። ጻድቅ ነው ብሎም አላወደሰውም። በንጉሡ የፖለቲካ ስሌት ውስጥ እግዚአብሔር የራሱን ሥራ ይሠራል ነው ያለው። ሁለቱ አሳብ እርስ በርሱ አይጣላም። ንጉሡ ለራሱ ጥቅም አደረገው፤ ለምርኮኞቹ ግን መውጫ በር ሆነ።

አድማጮቹ ግን በቀላሉ የተቀበሉት አይመስልም። የተቀባው ንጉሥ ከዳዊት ዘር ነበር መምጣት ያለበት። ያልተገረዘ ፋርሳዊ መሲሕ ተባለ ሲባል ማን ደስ ይለዋል? ቂሮስ ከተጠራ በኋላ ወዲያው ምዕራፉ «ከሠሪው ጋር ለሚከራከር ወዮለት፤ ጭቃ ሠሪውን ምን ትሠራለህ ይለዋልን?» ይላል። ይህ ቃል ለቅሬታ የተሰጠ መልስ ነው ብለው የሚያነቡ ብዙ ሊቃውንት ናቸው፤ እኔም እስማማለሁ። ስሙ አስቀድሞ መጠራቱ ላይ ግን አንባቢዎች ይለያያሉ። ቤተ ክርስቲያን በአብዛኛው የጥንቱ ኢሳይያስ ከመቶ ሃምሳ ዓመት ያህል በፊት የተነበየው ነው ትላለች። ብዙ የዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ደግሞ ከምዕራፍ 40 በኋላ ያለውን በምርኮ ዘመን የኖረ ሌላ ነቢይ ጻፈው ይላሉ። በየትኛውም ብታነቡት «ባታውቀኝም» የሚለው ቃል ቦታው ላይ አለ።

በኋላ ዘመን ሰዎች ይህን ቃል አልወደዱትም። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ፣ ቂሮስ የኢሳይያስን መጽሐፍ አንብቦ ስሙን አገኘና የተጻፈውን ለመፈጸም ተነሣ ብሎ ይተርካል። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን ነቢዩ ያላወቀ ያለውን ሰው አዋቂ ያደርገዋል። በጎ ያደረገልንን ሰው የግድ የራሳችን ማድረግ ያምረናል መሰለኝ።

አዋጁ ከወጣ በኋላ ሁሉም ነገር የተስተካከለ አይምሰላችሁ። ዕዝራ 42,360 ሰው ተመለሰ ይላል፤ አገልጋዮች ሳይቆጠሩ። ሲደርሱ ያገኙት ፍርስራሽ ነው። መሠዊያውን ሠሩ፤ በሁለተኛው ዓመት መሠረት ጣሉ። ያን ቀን ወጣቶቹ እልል ሲሉ የፊተኛውን ቤት ያዩ ሽማግሌዎች ጮኸው አለቀሱ። የእልልታው ድምፅ ከለቅሶው አልለይ አለ። ከዚያ ጠብ መጣ። የአካባቢው ሰዎች «አብረን እንሥራ» አሉ፤ የተመላሾቹ መሪ ዘሩባቤልና ሊቀ ካህናቱ ኢያሱ እምቢ አሉ። እነዚያም መካሪ በገንዘብ ገዝተው በቂሮስ ዘመን ሁሉ ሥራውን አሰናከሉ። ልብ በሉ፣ አዋጁ በንጉሡ እጅ ነው፤ ንጉሡም በሕይወት አለ፤ ግን አንድ የአውራጃ ሹም ሥራውን ሊያቆመው ይችላል። ቂሮስ በ530 በመካከለኛው እስያ ሲዋጋ ሞተ። ሥራው እስከ 520 ቆመ። ነቢያቱ ሐጌና ዘካርያስ ሕዝቡን ቀሰቀሱ፤ ገዥው ተንትናይ «ማን ፈቀደላችሁ?» ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ያ የአሕምታ መዝገብ የተገኘው በዚህ ሰበብ ነው። ቤቱ ያለቀው በ515 ነው።

ያልተመለሱትስ? እነሱ ብዙ ናቸው። በባቢሎን አገር «የይሁዳ ከተማ» በምትባል መንደር የተጻፉ የሸክላ ውሎች ተገኝተዋል፤ ስለ ብድር፣ ስለ ግብርና ስለ ኪራይ የሚያወሩ። ስሞቹ የአይሁድ ናቸው። ከምርኮው ዘመን ጀምሮ እስከ ፋርስ ዘመን ድረስ ዘልቀዋል። ኤርምያስ በደብዳቤው «ቤት ሥሩ፣ አትክልት ተክሉ» ብሏቸው የለ፤ ተከሉ። በር ሲከፈት ሁሉም አይወጣም። ከዘመናት በኋላ የባቢሎን ታልሙድ፣ ታላቁ የአይሁድ የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ፣ የተጠናቀረው በዚያ በቀሩት ሰዎች ልጆች መካከል ነው። በውጭ አገር ያደገ ልጅ ያለው ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

የቂሮስ ስም ዛሬም ይፈለጋል። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ትሩማን ለእስራኤል መንግሥት ዕውቅና የሰጡ ናቸው፤ ሥልጣን ከለቀቁ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1953 «እኔ ቂሮስ ነኝ» አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ ኤምባሲ ወደ ኢየሩሳሌም ሲዛወር ዶናልድ ትራምፕም ከቂሮስ ጋር ተነጻጸሩ፤ እስራኤል ውስጥ የሁለቱን መልክ ጎን ለጎን ያተመ ሳንቲም ሁሉ ወጣ። አሜሪካ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ወንጌላውያን ሰባኪዎች ንጽጽሩን የሚወዱት በአንድ ምክንያት ነው፦ የመሪው ጠባይ ሲነቀፍ «ቂሮስም አማኝ አልነበረም» ለማለት ይመቻል።

ክርክሩ ግን ግማሹን ነው የሚያነበው። ነቢዩ ቂሮስን የተቀባ ያለው ለአንድ ሥራ ነው፤ ምርኮኞች ይውጡ፣ ቤቱ ይታነጽ። ለሌላ ጦርነቱ፣ ለግብሩ፣ ለጠባዩ ሽፋን አልሰጠውም። መጽሐፉም ውለታውን ሳይረሳ አገዛዙን በስሙ ይጠራዋል። ከቂሮስ አዋጅ መቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ በነህምያ ዘመን ሕዝቡ ተሰብስቦ ሲጸልይ ፋርስን አላመሰገነም። «እነሆ ዛሬ ባሪያዎች ነን» አለ። የምድሪቱ ፍሬ በላያችን ለሾምሃቸው ነገሥታት ይሄዳል፤ በሥጋችንና በከብቶቻችን ላይ እንደ ወደዱ ይገዛሉ፤ እኛም በታላቅ መከራ ውስጥ ነን አለ። ይህን የጸለዩት ቂሮስ ያስመለሳቸው ሰዎች ልጆች ናቸው። የጸለዩትም ቂሮስ እንዲሠራ ያዘዘው ቤት ባለበት ከተማ ነው።